ባህሩ በስንት ሰዓት ሄደ?

ባለፈው እትም ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ውርርድ ነው። ቃል የገባሁት ግን ወድጄ አይደለም። አንዲት እህታችን የራሽን ሰልፍ ላይ አግኝታኝ «አንተ ሰውዬ፣ ያንን የባህሩን ነገር መቼ ነው የምትጽፈው? ሌላ ሰው ከጻፈው አጣሞ ነው የሚጽፈው» ብላ ስላስፈራራችኝ ነው። እውነቷን ነው። ታሪኩ በካምፑ ውስጥ በአምስት ዓይነት መንገድ ሲወራ ሰምቻለሁ። በአንደኛው እንዲያውም እኔ ሰምጬ ሞቻለሁ።

መቼም ውርርድ በእኛ በሦስታችን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን በችሎት ቆመው እንኳ ይወራረዱ ነበር። አንዱ «በበቅሎ!» ሲል ሌላው «በማር!» እያለ ይሟገታል፤ የተረታው የተወራረደውን ይከፍላል። ሰው ለመሬቱ የጀመረውን ክርክር በቅሎውን ጨምሮ ተረትቶ ወደ ቤቱ በእግሩ የሚመለስበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ፈረንጆቹ ደግሞ ውርርድን ከመንገድ ጋር ያገናኙታል። ዡል ቬርን የሚባለው ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፊሊያስ ፎግ የተባለ እንግሊዛዊ ዓለምን በ80 ቀን ዞሬ እመለሳለሁ ብሎ 20,000 ፓውንድ ያስይዛል። መርከቡ በስዊዝ ገብቶ፣ በዚችው በእኛ ባብ ኤል መንደብ አልፎ፣ ኤደን ላይ የድንጋይ ከሰል ይጭናል። ይሄ ልብ ወለድ ነው። ኔሊ ብላይ የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1889 እኔስ ለምን አልሞክረውም ብላ በእውነት ተነሳች። እሷም በዚሁ በር አልፋ በ72 ቀን ጨረሰችው። በልብ ወለዱ ፎግ ተሸነፍኩ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ከተቀመጠ በኋላ ነው አንድ ቀን በስሌት እንደተሳሳተ ያወቀው። ወደ ምሥራቅ እየሄደ ዓለምን ስለዞረ አንድ ቀን አትርፎ ነበር። ይህቺን የቀን አቆጣጠር ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን ቶኒ ሆክስ የሚባለው እንግሊዛዊ ቀልደኛ ነው። ሰክሮ በገባው የ100 ፓውንድ ውርርድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1997 ማቀዝቀዣ (አዎ፣ ፍሪጅ!) እየጎተተ፣ መኪና በልመና እያስቆመ አየርላንድን በአንድ ወር ዞረ። ፍሪጁ ራሱ ከውርርዱ ገንዘብ በላይ ነው የተገዛው። እስቲ በእኛ ካምፕ አድርጉት። ከአንድ ተራ ወደ ሌላው ሳይሻገር ስንቱ ነው «ወንድሜ፣ ይቺን ውሃ አቀዝቅዝልኝ» ብሎ የሚያስቆመው!

ወደ እኛ ልመለስ። ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጁ 2007። ወሩ ግንቦት። አሊ አዴ በግንቦት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግርም፣ ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። ማታ ማታ ነፋስ ፍለጋ ከደጃፌ ምንጣፍ ዘርግተን እንቀመጣለን። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ወሎዬው ጎረቤቴና አባባ። አባባ የተራችን ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ሰው ከተጣላ እሳቸው ጋ ሳይደርስ አይታረቅም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ለቅዳሜ ጠዋት ጅቡቲ ከተማ የሐኪም ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። እኔ ፈረንሳይኛ ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር አስተርጓሚ ሆኜ እንድሄድ ተፈቅዶልኛል። ወሎዬውም በራሱ ጉዳይ እዚያው ከተማ ተጠርቷል። ሦስታችንም የይለፍ ወረቀት አለን። እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፤ «እስከ ቅዳሜ 12 ሰዓት ያገለግላል» ይላል።

ወሬያችን ስለ ከተማዋ ሆነ። እኔ የዋህ አፌን ከፍቼ «ባህሩ የሌለ ጊዜ ከደረስን እግራችንን ዘና እናደርጋለን፣ ሜዳው ደስ ይላል» አልኩ።

ወሎዬው ቀና አለ። «ባህሩ የሌለ ጊዜ? የት ሄዶ?»

«ይሄዳላ! ሞልቶ ይቆይና ይጎድላል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። በቀን ሁለት ጊዜ።»

«ስማ፣ እኔ ሐይቅ ዳር ነው ተወልጄ ያደግሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወጣ ብሎ ሲገባ አላየሁትም።»

«ያ ሐይቅ ነው፣ ይሄ ባህር ነው። እኔ አሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ስሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ጨረቃ ናት የምትጎትተው።»

«እና ጨረቃ የሐይቅን ውሃ ለምን አልጎተተችም? ዘመዷ ነው?»

አባባ ሳቁ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ጨረቃም ፀሐይም ውሃውን ይስባሉ፤ ሐይቅ ግን ትንሽ ስለሆነ አይታወቅበትም፣ ውቅያኖስ ላይ ነው ጎልቶ የሚታየው። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። ይህን ሁሉ ስዘበዝብ ወሎዬው ዝም ብሎ ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ባህር ለሙሴ ተከፍሏል። ለአንተ አይከፈልም!»

በዚህ ነው እልህ የተጋባነው። «በምን እንወራረድ?» አለኝ። ገንዘብ የለን፣ በቅሎ የለን። ካምፕ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ውድ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ የውሃ ሰልፍ። በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ለሠላሳ ቀን። የተሸነፈው ያሸናፊውን ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል፣ ይቀዳል፣ ተሸክሞ ደጁ ድረስ ያደርሳል። ባለ 20 ሊትሩን ስታስሉት 1,200 ሊትር ውሃ ነው! ዳኛ አባባ ሆኑ። በአንድ የደብተር ቅጠል ላይ ተጻፈ፤ «ባህሩ እስከ ቅዳሜ 12 ሰዓት ድረስ ቦታውን ለቆ ከሄደ፣ ዳኛውም አይተው ካረጋገጡ...» እያለ ይቀጥላል። ቅዳሜ 12 ሰዓት ያልነው የይለፍ ወረቀታችን የሚያበቃበት ስለሆነ ነው። ፈረምን።

ለወጣቶቹ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። ዛሬ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ስላለ የመንቀሳቀስም የመሥራትም መብት በጽሑፍ ሰፍሮ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ግን ወረቀት ማለት ነፍስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ሁሉ ከአገር ይውጡ ብሎ አውጆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ አፈሳ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ ነበር የሚነሳው። ለነገሩ ከተማዋ ሰውን በወረቀት መለየት የጀመረችው በእኛም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የደ ጎል ጉብኝት ረብሻ ካስነሳ በኋላ ፈረንሳዮቹ ዙሪያዋን በእሾህ ሽቦ አጥረውባት ነበር። ባልባላ ያደገችው ከዚያ ሽቦ ውጭ በቀሩ ሰዎች ነው።

ዓርብ በጭነት መኪና ተነሳን። ከአሊ ሳቢህ እስከ ከተማው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሐል ግራንድ ባራን ስናቋርጥ ወሎዬው ዙሪያውን አየና (መቼም ያን ሜዳ አይታችሁታል፣ ድስት ተገልብጦ የተጠረገ ነው የሚመስለው) «ይኸውና! ባህርህ የሄደው እዚህ ነው፣ አልተመለሰም» አለኝ። እዚህ ሜዳ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይካሄዳል ብለው ነገሩት። «በምን ተወራርደው?» ብሎ ጠየቀ።

ባልባላ የአገር ልጅ ቤት አደርን። ቅዳሜ በጠዋት ሐኪም ቤት ሄድን። የየትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ ይቅር፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ሐኪሙ አባባን አዩና ሞራው ደርሷል፣ በሚቀጥለው ወር መጥተው ይሠራላቸዋል ብለው ቀጠሮ ጻፉ። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ልንወጣ ስንል ነርሷ «አንድ ምርመራ ቀርቷል» ብላ ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ አደረገችባቸው። እኔ ተረጎምኩ፤ «አባባ፣ ለጥቂት ሰዓት ብዥ ይልብዎታል፣ ብርሃንም ያስቸግርዎታል፣ አይደንግጡ አሉ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል አሉ።»

ወሎዬው ጉዳዩን ጨርሶ በር ላይ ጠበቀን። አባባን በግራና በቀኝ ይዘን ስንወጣ አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ታዲያላችሁ፣ ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። ዳኛችን ማየት አይችሉም!

ፕላስ ሜኔሊክን አቋርጠን ሄድን። ኦፊሴላዊ ስሟ የነፃነት ቀናቸው ነው፣ 27 ጁን 1977፤ ሰዉ ግን ዛሬም በእኛው ንጉሥ ስም ነው የሚጠራት። አባባ ይህን ስነግራቸው በብዥታቸው ውስጥ ሆነው ባርኔጣቸውን አነሱ። ለማን እንዳነሱ አላውቅም፣ ከፊታቸው የቆመው የፖስታ ካርድ የሚሸጥ ልጅ ነበር። ከዚያ በሐሙዲ መስጊድ በኩል ወደ ገበያው ወረድን፣ ሚኒባስ ይዘን ወደ ላ ሲየስታ ባህር ዳርቻ።

ደረስን። ባህሩ ሞልቶ ጥግ ድረስ ገብቷል! ከድንጋዩ ሥር ጧ ጧ እያለ ይመታል። እኔ ደነገጥኩ። ወሎዬው ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። አጠገባችን ካለች ትንሽ ሱቅ ገባና ተመልሶ ወጣ። ፊቱ በርቷል።

«አባባ፣ ሱቁ ውስጥ ያለውን የግድግዳ ሰዓት አይቼዋለሁ። ልክ 12 ሆኗል። ባህሩም እዚሁ አለ። ተበላህ፣ ወንድሜ! ጀሪካንህን ሳይሆን ጀሪካኔን አዘጋጅ!»

«እንዴ! 12 የሆነው በእነሱ ነው። በእኛ ገና 6 ሰዓት ነው፣ ቀትር!»

«ወረቀቱ ላይ በእኛ በእነሱ የሚል አለ? 12 ሰዓት ነው የሚለው።»

እዚያው ፀሐይ ላይ ችሎት ተቀመጠ። አባባ መጀመሪያ የባህሩን ሁኔታ አረጋግጣለሁ አሉ። በምን ዓይን? «እግሬ ይፍረድ» አሉና ጫማቸውን አወለቁ። ወሎዬው ክንዳቸውን ይዞ አስጀመራቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራተኛው ላይ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። «ሦስት እርምጃ፤ ይመዝገብ» አሉ። መዘገብኩ። ከዚያ ስለ ሰዓቱ ክርክር ሰሙና ብዙም ሳይቆዩ ፈረዱ፤

«ውሉ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው?»

«በአማርኛ።»

«እንግዲያው 12 ሰዓቱም የአማርኛ ነው። ጀንበር ስትገባ እናያለን። ወረቀት በተጻፈበት ቋንቋ ነው የሚነበበው።»

እኔ ደስ ብሎኝ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ብያለሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ግን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ደግማ ጮኸች። ወረቀት በተጻፈበት ቋንቋ ነው የሚነበበው። የይለፍ ወረቀታችንስ በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው? በፈረንሳይኛ! ቀስ ብዬ ከኪሴ አወጣሁት። ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት። በእነሱ 12። አሁን!

ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በአማርኛ ጭንቅላት አንብቤ በአማርኛ ሰዓት ተረዳሁት፣ እነሱም እንደዚያው። ፎግ በስህተቱ አንድ ቀን አተረፈ ብያችሁ ነበር፤ እኛ ስድስት ሰዓት ከሰርን። ስነግራቸው ወሎዬው ዝም አለ። አባባም ዝም አሉ። ከእኔ ይልቅ የተጎዱት እሳቸው ነበሩ። የይለፍ ወረቀቱን ያላከበረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቅ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ደግሞ ዓይናቸው የሚበራበት ነው። ለአንድ ወር ውሃ ብዬ የሽማግሌውን ዓይን አስያዝኩ ማለት ነው። ላብ ሲያጠምቀኝ ከሙቀቱ ይሁን ከኀፍረቱ ለየሁት አልልም።

ወሎዬው «በል እንነሳ፣ ውርርዱ ይቅር፣ አንተ በልተኸኛል» አለ። (ይህን ቃል ኋላ ላይ ካደ። ምስክሩ አባባ ናቸው።) መኪናችን ግን የሚነሳው ማታ ነው። ሌላ መሳፈሪያ ገንዘብ የለንም። በዚያ ላይ ከተማው መንገድ ላይ ሰው የሚበዛበት ሰዓት መጥቷል፤ ጫት ከሐረርጌ የሚደርስበት። ያን ጊዜ ጡሩንባው፣ ሩጫው፣ ግፊያው ለጉድ ነው። ወረቀቱ የሞተበት ሰው በዚያ መሐል ባይገባ ይሻለዋል። አባባ ቆረጡ፤ «የሞተ ወረቀት ሁለቴ አይሞትም። እዚሁ ጥላ ፈልጉና ተቀመጡ።»

አንድ የተበላሸች ጀልባ ተገልብጣ አገኘንና ጥላዋ ሥር ገባን። ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ ከተማ እንዴት እንደምትተኛ ታውቃላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ውሻው እንኳ ከጥላው አይወጣም። የባህር ዳርቻው ስም ራሱ የቀትር እንቅልፍ ማለት ነው። ተኙ ብሎ የተሰየመ ቦታ ላይ እኛ ብቻ ዓይናችን ፈጦ መንገድ መንገዱን እንቃኛለን። መኪና ባለፈ ቁጥር ወሎዬው ጭንቅላቱን ወደ ጀልባዋ ሥር ይስባል፣ እንደ ኤሊ። ባህሩን የሚያይ አልነበረም!

ወደ 9 ሰዓት (በእኛ!) አምስት ስድስት የሚሆኑ ልጆች ኳስ ይዘው መጡና ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አይጫወቱም። ዝም ብለው ባህሩን ያያሉ። ወሎዬው ነገሩ አላማረውም። «ምን እየጠበቁ ነው? ጠይቃቸው» አለኝ። በፈረንሳይኛም በምልክትም ጠየቅኳቸው። አንዱ ልጅ ወደ ውሃው ጠቆመና መለሰልኝ።

«ምን አለ?»

«ሜዳቸው እስኪወጣ እየጠበቁ ነው።»

ወሎዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ባህሩን በደንብ አየው። ድንጋዩ ሥር ጧ ጧ ይል የነበረው ውሃ የለም። እርጥብ አሸዋ ብቻ ቀርቷል። ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይነካው፣ ባህሩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነበር። 10 ሰዓት ላይ ልጆቹ ግብ ተከሉ። 11 ሰዓት ላይ ሌላ ቡድን መጣ። አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ጭቃው ውስጥ የሆነ ነገር ትለቅማለች። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ውሃ ነው በነዚያ ሰዓቶች የሚወርደው፣ የቦታው ስፋት ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ ያየ ሰው ባህር ተጠቅልሎ የሄደ ነው የሚመስለው።

ልክ 12 ሰዓት፣ ጀንበር ልትገባ ስትል፣ ዳኛው ተነሱ። ጠብታው አልለቀቃቸውም፤ ሁሉ ነገር ወርቅ ሆኖ ነው የሚታየኝ አሉ። ጫማቸውን አወለቁና ለወሎዬው ክንዳቸውን ሰጡ። እኔ ባለ ጉዳይ ነኝና ከድንጋዩ ላይ ቆሜ እንድቆጥር ተባለ። ተነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃምሳ ላይ በኳሱ ጨዋታ መሐል አለፉ፤ ልጆቹ ጨዋታውን አቁመው አሳለፏቸው። መቶ። ሁለት መቶ። ሁለት ሰዎች በባህር ወለል ላይ ተደጋግፈው፣ አንዱ የማያይ፣ አንዱ የማያምን፣ እየራቁ ሄዱ። 317 እርምጃ ላይ የአባባ እግር ውሃ ነካ። እጃቸውን ወደ ላይ አነሱልኝ።

እዚያ ግን ቆዩ። ምን ያህል እንደቆዩ አልቆጠርኩም። ኋላ አባባ እንደነገሩኝ፣ ወሎዬው አንድ መረብ የሚሰበስብ ዓሣ አጥማጅ አግኝቶ «ኦቦክ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ሰውዬው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወደ ሰሜን ጠቆመው። የወሎዬው ታናሽ ወንድም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኦቦክ በኩል ወደ የመን ተሻግሯል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ባህር ዳር መጥቶ የማያውቀው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ተመልሶ ሲመጣ አንድም ቃል አልተናገረም፣ እኔም ተበላህ አላልኩትም። ብቻ ከድንጋዩ ላይ ሲወጣ «ይመለሳል ነው ያልከኝ?» አለኝ። «አዎ፣ ሌሊት» አልኩት። «እሺ» አለ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ መኪናችን ተነሳ። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ቆመች። ባትሪ ያዘ አንድ ወጣት ፈታሽ ወደ ላይ ወጣና ወረቀት ጠየቀ። የእኛን አገላብጦ አየው።

«12 ይላል። አሁን 20 አልፏል።» አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፣ ግን ይገባል።

እኔ የሰዓት ትምህርት ጀመርኩ። ቀናችን ከጠዋት እንደሚቆጠር፣ በእኛ 12 ማለት በእነሱ 18 ማለት እንደሆነ...

«18ም ቢሆን አልፏል» አለኝ።

አስቡት እንግዲህ! ተረትቼ ዝም አልኩ። «ምን ስትሠሩ ነበር?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልመለሰም። ይሄኔ አባባ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ልጄ፣ ባህሩ እስኪሄድ ስንጠብቅ ነበር» አሉት።

ባትሪውን ፊታቸው ላይ አበራ። ዓይናቸው ጥቁሩ ሰፍቶ እንደ ጉጉት ነበር። «ምን?» አለ። አባባም አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት፤ ሐይቁን፣ ሙሴን፣ ሁለቱን ጀሪካን፣ ጠብታውን፣ ሦስቱን እርምጃና 317ቱን። ፈታሹ መጀመሪያ ፈገግ አለ። «እግሬ ይፍረድ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ከመኪናው ጎን ተደግፎ መሳቅ ጀመረ። ጓደኛውን ጠራና በሶማልኛ ነገረው፤ ጓደኛውም ሌላውን ጠራ። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። እኔ ብቻ የአባባን የቀጠሮ ወረቀት አውጥቼ፣ ሐኪም ቤት የነበርነው በእውነት ነው እያልኩ እለምናለሁ። ፈታሹ ቀጠሮውን አነበበ። ሳቁን አቆመ። እስክሪብቶ አወጣና በይለፍ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ መለሰልኝ። «ዋሪያ፣ ማን በላ?» ብሎ ጠየቀ ከመውረዱ በፊት። አባባ በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እንግዲያው ለሽማግሌው ውሃ አንተ ቅዳ» አለኝና ወረደ።

በጀርባው የጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «የዘገዩበት ምክንያት፦ ባህር» እንደማለት። ካምፕ ስንደርስ ወረቀቱን የተረከበው ሰው አንብቦ ቀና ብሎ አየን፣ ደግሞ አነበበ፣ ምንም ሳይለን ፋይሉ ውስጥ አስገባው። አባባም በሚቀጥለው ወር ወረቀት ተሰጣቸው። ሄዱ፣ ተሠሩ፣ ተመለሱ። በጨርቁ ሥር ያየችው የመጀመሪያዋ ዓይናቸው ያረፈችው እኔ ላይ ነው አሉ። «እንዲህ ትመስላለህ ብዬ አልጠበቅሁም» ብለውኛል፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ውሃውስ? ወሎዬው ቃሉን ጠበቀ። በየማለዳው ሁለት ጀሪካን ደጃፌ ላይ ያስቀምጣል። እኔም በፈታሹ ፍርድ መሠረት አንዱን ለአባባ አደርሳለሁ። አሥራ ሰባት ቀን እንዲህ ሄደ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ባዶ ጀሪካኖቹን እያንኳኳ መጣ። የፓምፑ ነዳጅ አልቆ ቦኖው ደርቋል።

«ውሃው የታለ?» አልኩት።

«ጎድሏል» አለኝ። «12 ሰዓት ላይ ይመለሳል አሉ።»

«የትኛው 12 ሰዓት?»

«እሱን አልጻፉትም።»